«ግልግል»፣ «ዕርቅ»፣ «ማስማማት»፦ ከፍርድ ቤት ውጭ የሚፈታ ሙግት የሚጠራባቸው የሙያ ቃላት ሲመረመሩ

በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 «የግልግል ዳኝነት እና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት» በሚል ርእስ ሙግትን ከፍርድ ቤት ውጭ የመፍቻ ሁለት መንገዶችን በአንድ ሕግ አሰባስቧል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ስለ እነዚሁ ጉዳዮች ተደንግጎ የነበረውን ክፍልም ተክቷል። አዋጁ እንደ ሕግ ያለውን ብቃት መመዘን የሕግ ሊቃውንት ድርሻ ነው። የመዝገበ ቃላትና የስያሜ ባለሙያ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በአዋጁና በተጓዳኝ ሕጎች የተሠራባቸው የአማርኛ ቃላት የሚወክሉትን ጽንሰ ሐሳብ ለይተው ያሳያሉን? አንዱ ቃል ከሌላው ጋር ሳይደባለቅ ከአንባቢው ዘንድ ይደርሳልን? የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በሂስ ዐይን ይመረምራል፤ ማጠቃለያው ላይም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የሚጠቅም ሐሳብ ያቀርባል።

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ያለውን የኑሮ ሁኔታ ማየት ይበቃል። በእንጅባራ፣ በዳንግላና በአካባቢያቸው ባሉ ወረዳዎች፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው «ዲከረንስ» የሚባለውን የግራር ዝርያ በማሳው ላይ ተክሎ፣ ዛፉ ሲደርስ አክስሎ ለከሰል ነጋዴ ይሸጣል። ከዚህ ሥራ ሁለት ዐይነት ሙግት ሊወለድ ይችላል። የመጀመሪያው ዛፉ የጎረቤትን እርሻ ሲያጠላበት ወይም ድንበር ሲገፋ የሚነሣው የመሬት ክርክር ነው። ሁለተኛው ነጋዴው በውሉ መሠረት ሳይከፍል ሲቀር የሚነሣው የገንዘብ ክርክር ነው። ሁለቱም ክርክሮች በአካባቢው ልማድ መጀመሪያ የሚታዩት በሽማግሌዎች ፊት ነው፤ ሰዎቹም ሁለቱንም በአንድ ቃል «ሽምግልና» ብለው ይጠሯቸዋል። ሕጉ ግን ለሁለቱ የተለያየ ዕጣ ሰጥቷቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 1237 አንቀጽ 7 መሠረት የመሬት ጉዳይ በግልግል ዳኝነት ሊታይ አይችልም፤ ፍቺ፣ ጉዲፈቻ፣ ውርስ፣ ወንጀልና ግብርም በዚያው የተከለከሉ ጉዳዮች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። የከሰሉ ሽያጭ ክርክር ግን በግልግል ዳኝነት ሊዳኝ የሚችል የንግድ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ በዳንግላ አንድ ጸሐፊ ለሁለቱም ተከራካሪዎች በሚያዘጋጀው ሰነድ ላይ «በሽማግሌ ዳኝነት ለመጨረስ ተስማምተናል» ብሎ ቢጽፍ፣ ይህ ሐረግ የትኛውን ያመለክታል? ግልግል ዳኝነትን ነው ከተባለ የድንበሩ ሰነድ ዋጋ ያጣል፤ የከሰሉ ሰነድ ደግሞ ተከራካሪውን ከፍርድ ቤት ደጅ ያርቀዋል። ማስማማትን ነው ከተባለ ሽማግሌዎቹ የሚሰጡት አስተያየት እንጂ ፍርድ አይሆንም፤ ተከራካሪው ካልፈረመበት አያስገድደውም። አንዲት ቃል በግልጽ ባለመወሰኗ ገበሬው መብቱን ሊያጣ ወይም ያልተዋዋለውን ግዴታ ሊሸከም ይችላል። የስያሜ ሥራ ክብደት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

1. ሥርወ ቃልና አገባብ

ቃላቱን አንድ በአንድ እንመልከት። «ሸመገለ» የሚለው ግሥ ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ዕድሜው ገፋ፣ ሸበተ ማለት ነው፤ ሁለተኛው በሰዎች መካከል ገብቶ ነገር አየ፣ አበረደ ማለት ነው። ከዚህ የወጡት «ሽማግሌ»፣ «ሽምግልና» እና «ሸምጋይ» ሥልጣኑን ከሰውየው ማኅበራዊ ክብር ጋር ያያይዙታል። ሽማግሌ የሚሰማው በሕግ ተሾሞ ሳይሆን ዕድሜው፣ አንደበቱና ስሙ ስላስከበሩት ነው። ደግሞም ሽማግሌ ለጠብ ብቻ አይደለም የሚፈለገው፤ ልጅ ለትዳር ሲጠየቅም «ሽማግሌ ይላካል»። ስለዚህ ሽምግልና ሰፊ የባህል ተቋም ነው፤ በውስጡ ማግባባትም፣ መዳኘትም፣ ማስታረቅም፣ መማለድም ይገኙበታል። ስፋቱ ለባህሉ ሀብት ነው፤ ለሙያ ቃልነት ግን ዕንቅፋት ይሆናል፤ የሙያ ቃል ድንበሩ የታወቀ መሆን አለበትና።

«ገላገለ» በመሠረቱ የተያያዙ ተጣዪዎችን በመካከል ገብቶ ለየ ማለት ነው። «ተገላገለ» ከጭንቅ ወጣ ማለት ሲሆን፣ ስለ ሴት ሲነገር ወለደች ለማለት ያገለግላል። «ግልግል» ለብቻው ሲነገር ዕረፍት፣ ከጣጣ መውጣት የሚለውን ስሜት ይሰጣል። ገላጋይ ጠብ ያስቆማል እንጂ ማን እውነተኛ፣ ማን ሐሰተኛ እንደሆነ አይበይንም። ስለሆነም «ግልግል» የሚለው ቃል ብቻውን የፍርድን ጽንሰ ሐሳብ ሊሸከም አይችልም። ሕግ አውጪው «ዳኝነት» የሚለውን ቃል አጣምሮ «ግልግል ዳኝነት» ማለቱ እጅግ የተሳካ ስያሜ ነው። የመጀመሪያው ቃል መንገዱ ከመንግሥት ችሎት ውጭ መሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ ውጤቱ ብይን መሆኑን ያስረዳል። ከባዕድ ቋንቋ የተገለበጠ ሳይሆን ከቋንቋው ጓዳ የወጣ ጥምር ቃል በመሆኑም ጆሮ አይቆረቁርም።

ነገር ግን በዕለት ተዕለት የውል ጽሑፍ ጥምሩ እየተቆረጠ «ጉዳዩ በግልግል ያልቃል» ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ጊዜ የስያሜው ጉልበት ሁሉ የነበረበት ክፍል ይወድቅና አንባቢው ገላጋይን ብቻ ያያል። ተርጓሚዎች ጥምሩን ከመቁረጥ መቆጠብ ይገባቸዋል።

«ዕርቅ» ከግዕዝ የወረደ ጥንታዊ ቃል ነው፤ ግሡ «ታረቀ»፣ አድራጊው «አስታረቀ»፣ ባለሙያው «አስታራቂ» ነው። በምን ቃል እየታጀበ እንደሚነገር ስንመለከት ባሕርዩ በግልጽ ይታያል። ዕርቅ «ይወርዳል»፣ ዕርቅ «ይፈርሳል»፣ ዕርቅ «ይጸናል»። እነዚህ ሁሉ ስለ ውጤት የሚነገሩ ናቸው፤ ዕርቅ መንገድ ሳይሆን መድረሻ ነው። በተጨማሪም ዕርቅ ቀድሞ ጠብ እንደነበረ ያስገድዳል። የፈረሰ ዝምድና፣ የተቋረጠ ሰላምታ፣ አንዳንዴም የፈሰሰ ደም አለ ማለት ነው። በአማራ ክልል ልዩ ልዩ አካባቢዎች ሽማግሌዎች ቂም በቀልን ለማስቀረት የሚያካሂዱት «ደም ማድረቅ» የዚህ ቃል እውነተኛ መኖሪያ ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1102 ተቋቁሞ የነበረው የዕርቀ ሰላም ኮሚሽንም ቃሉን የወሰደው በዚሁ ትልቅ ትርጉሙ ነበር።

እንግዲህ ሁለት ኩባንያዎች በአንድ የክፍያ ሰነድ ስሌት ላይ ሳይስማሙ ቀርተው በሦስተኛ ሰው አጋዥነት ሲነጋገሩ፣ ይህን «ዕርቅ» ማለት ያልነበረ ጠብ እንደመፍጠር ይሆናል። ይህ የአዋጅ ቁጥር 1237 ስያሜ አንደኛው ድክመት ነው። ሁለተኛው ድክመት የውጤቱን ስም ለሂደቱ መስጠቱ ነው። ሂደቱ ዕርቅ ከተባለ ሳይሳካ ሲቀር ምን ይባላል? «ዕርቁ ሳይታረቅ ቀረ» ልንል ነውን? ቋንቋው ራሱ ይህን አይቀበልም።

«አስማማ» የሚለው ግሥ ደግሞ መነሻው «ሰማ» ነው። «ተስማማ» የሚለው የተደራራጊነት ቅርጽ ሁለት ወገኖች እርስ በርስ ተደማመጡ፣ ከዚያም አንድ ሐሳብ ላይ ደረሱ የሚል ውስጠ ትርጉም አለው። «አስማሚ» ይህ እንዲሆን የሚያደርግ ሰው ነው። አስማሚ አይፈርድም፤ ከክብሩም የተነሣ አይፈራም፤ የማስማማቱ ሥራ ቢከሽፍም «አልተስማሙም» ብሎ በቀላሉ መናገር ይቻላል። በስያሜ ሚዛን ሲታይ ይህ ቃል ከ«ዕርቅ» ይልቅ ለሂደቱ የተመቸ ነው።

2. በሕጎች መካከል ያለው አለመጣጣም

ሆኖም «አስማሚ» በሕጎቻችን ውስጥ አንድ ጽንሰ ሐሳብ ይዞ አልቆየም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ማለትም አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በወል ክርክር ጊዜ የሚመደበውን ሰው በአማርኛ «አስማሚ»፣ በእንግሊዝኛ «ኮንሲሊዬተር» ይለዋል። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ግን ለዚሁ የእንግሊዝኛ ቃል ቤተሰብ «ዕርቅ» የሚለውን መርጧል። በዚያው በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 በፍርድ ቤት ቅጥር ውስጥ የሚካሄደውን ሂደት፣ በእንግሊዝኛ «ሜዲዬሽን» የተባለውን፣ «አስማሚነት» ብሎታል። በዚህም ምክንያት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት አማርኛ፣ አንድ አማርኛ ቃልም ሁለት እንግሊዝኛ ሆኖ ይገኛል። እንግሊዝኛውን ብቻ ተመልክቶ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ በየሕጉ የተለያየ መንገድ ይሄዳል።

«ኮንሲሊዬሽን እና ሜዲዬሽን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ሁለት ቃል ቢኖር ምን ችግር አለ?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በአንዳንድ አገሮች ልማድም ኮንሲሊዬተሩ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሜዲዬተሩ ግን ንግግሩን ብቻ ይመራል የሚል ልዩነት ይደረጋል። ነገር ግን ዓለም አቀፉ አሠራር ወደ አንድነት እየሄደ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው አርአያ ሕግ «ኮንሲሊዬሽን» በሚል ቃል የተጻፈ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ቃሉ «ሜዲዬሽን» በሚለው ተተክቷል፤ ኮሚሽኑም ሁለቱ ቃላት በተለዋዋጭነት ሲሠራባቸው እንደቆየ ገልጾ፣ ለውጡ ቃሉን ከተግባራዊ አጠቃቀም ጋር ለማጣጣም መሆኑን አስታውቋል። ምንጩ አንድ ያደረገውን እኛ በትርጉም ሁለት ማድረጋችን ትርፍ አያስገኝም።

«ፍርድ ቤት መር አስማሚነት» የሚለውም አነጋገር ሂስ ያስፈልገዋል። የውጭው ቃል የሚለው ከፍርድ ቤት ጋር የተያያዘ፣ በጥላው ሥር የሚካሄድ ነው። «መር» ግን «መራ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ ፍርድ ቤቱ ሂደቱን ይመራዋል የሚል መልእክት ያስተላልፋል። የማስማማት ዋናው ጠባይ የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ባለጉዳዩ «ፍርድ ቤት መር» የሚለውን ሲሰማ «ዳኛው ያዘዘኝን ልፈርም ነው» ብሎ ቢፈራ አይፈረድበትም። «የፍርድ ቤት ማስማማት» የሚለው ቀላል ሐረግ ያለ ጉዳት ሊተካው ይችላል። «አስማሚነት» የባለሙያውን ማንነት፣ «ማስማማት» ደግሞ ድርጊቱን የሚናገር ስለሆነም ለሂደቱ ሁለተኛው ይሻላል።

የጥቅሉ ስም «አማራጭ የግጭት አፈታት» ከሁለት ወገን ይተቻል። «ግጭት» በዛሬው አማርኛ የጦር መሣሪያ የታከለበትን ጠብ ሁሉ ያቅፋል፤ እዚህ የተፈለገው ግን «ሙግት» ነው። «አማራጭ» ደግሞ ዋናው ፍርድ ቤት ነው፤ ሌላው ተጨማሪ ነው የሚል ግምት ያዘለ ነው። በእንጅባራ ገበያ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መጀመሪያ የሚፈለገው ሽማግሌ እንጂ ችሎት አይደለም። በዓመት በዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚያከብረው በዓል በመላው አገር የታወቀው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በአባላቱ መካከል ጠብ ሲነሣ ቀድሞ የሚያየው በራሱ ሽማግሌዎች ነው። ለእነዚህ ሰዎች «አማራጩ» ፍርድ ቤት ነው። «ከፍርድ ቤት ውጭ የሙግት መፍቻ» ብንል ቅደም ተከተል ሳንሰጥ ነገሩን በቦታው እንገልጸዋለን።

3. ከ1952ቱ ሕግ የምንማረው

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የግልግል ዳኛን «ዘመድ ዳኛ»፣ ሥራውንም «የዘመድ ዳኝነት» ይለው ነበር። ቃሉ የአገሩን ልማድ ተመርኩዞ የተመረጠ መሆኑ አያጠራጥርም፤ በቤተ ዘመድ መካከል መዳኘት የቆየ ልማድ ነውና። ይሁን እንጂ ስያሜው ከጽንሰ ሐሳቡ ጋር ተጋጭቷል። ሕጉ ከዳኛው የሚጠይቀው ገለልተኝነትን ነው፤ ለአንዱ ወገን ያደላል ተብሎ የተጠረጠረ ዳኛ ሊነሣ ይችላል። ስሙ ግን ዝምድናን ይሰብካል። በዝምድናው ሊነሣ የሚገባውን ሰው በዝምድና ስም መጥራት ስያሜ ከትርጓሜ ሲጣላ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ የማስተማሪያ ምሳሌ ነው። «ግልግል ዳኝነት» ይህን ቅራኔ ያስወገደ በመሆኑ ተተኪነቱ ይገባዋል።

ከዚሁ ሕግ ለተርጓሚዎች የሚሆን ሌላ ትምህርትም አለ። ረቂቁን ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት በፈረንሳይኛ ነው። በፈረንሳይ የሕግ ቋንቋ «ትራንዛክሲዮን» የሚባለው ተከራካሪዎች ከመብታቸው ተቀናንሰው ሙግቱን የሚያቆሙበት ውል ነው፤ «ኮምፕሮሚ» ደግሞ ሙግትን ለግልግል ዳኛ ለማቅረብ የሚደረግ ውል ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ኮምፕሮማይዝ» የመጀመሪያውን ይናገራል፤ «ትራንዛክሽን» ደግሞ ማናቸውንም የንግድ ግንኙነት ያመለክታል። መልካቸው አንድ፣ ፍቻቸው የተገለባበጠ ቃላት ናቸው። ፈረንሳይኛውን በእንግሊዝኛ መነጽር ያነበበ ተርጓሚ ሰውን ያላሰበው ዳኛ ፊት ሊያቀርበው ይችላል። ከዚህ የሚገኘው ደንብ አጭር ነው፦ የሙያ ቃል የሚተረጐመው ከጽንሰ ሐሳቡ እንጂ ከቃሉ መልክ አይደለም።

የመሬት ሕጋችንም ተመሳሳይ ምሳሌ ይሰጠናል። በ1997 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ ተከራካሪዎች መስማማት ሲያቅታቸው ጉዳያቸው ራሳቸው በሚመርጡት አካል ሊወሰን እንደሚችል ደንግጎ ነበር፤ በእንግሊዝኛው ቅጂም ያ አካል «አርቢትራል» ተብሏል። አዋጅ ቁጥር 1237 ደግሞ መሬትን ከ«አርቢትሬሽን» ክልል አስወጥቷል። አንዱ ሕግ የሰጠውን ሌላው እንደነሣ ከመደምደማችን በፊት፣ የመጀመሪያው ሕግ በዚያ ቃል የአገር ሽማግሌን ለማለት ፈልጎ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚነሣው «ሽምግልና» የራሱ ስም ሳይሰጠው በባዕድ ልብስ ስለቀረበ ነው። የዐረብኛ የሕግ ቋንቋ «ሱልህ» ለዕርቅ፣ «ተሕኪም» ለግልግል ዳኝነት ብሎ ሁለቱን ከጥንት ጀምሮ ለይቶ እንደያዘ ስናስብ፣ ልየታው ለእኛም የማይቻል እንዳልሆነ እንረዳለን።

4. አውኚና የተርጓሚው ኃላፊነት

በአዊ ዞን ጉዳዩ ሌላ ደረጃ ይጨመርበታል። የብዙው ሕዝብ አፍ መፍቻ ቋንቋ አውኚ፣ በአማርኛ ልማድ አገውኛ የሚባለው፣ ከማዕከላዊ ኩሽ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ማስተማሪያ ሆኖ ያገለግላል። በወንጀል ክርክር ተከሳሹ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካልተረዳ አስተርጓሚ የማግኘት መብት እንዳለው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ያረጋግጣል። ከፍርድ ቤት ውጭ በሚፈረም ሰነድ ግን ተርጓሚው ብዙውን ጊዜ ወንድም፣ ጎረቤት ወይም ሰነዱን የጻፈው ሰው ራሱ ነው። እርሱም ሦስቱን የአማርኛ ቃላት እንደ አንድ ከቆጠራቸው ወደ አውኚ የሚያሻግረው አንድ ቃል ብቻ ይሆናል። ፈራሚው ፍርድ ቤት የመሄድ መብቱን እየተወ መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚያውቅበት ዕድል እዚያ ላይ ያከትማል። የግልግል ዳኝነት ውሳኔ ደግሞ በውል ካልተጠበቀ በቀር ይግባኝ አይባልበትም፤ ስሕተቱ ኋላ ሲታወቅ መመለሻው ጠባብ ነው።

የአውኚ ሰዋስው ሮበርት ሄትስሮን በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ደቡብ አገው ግሥ ካሳተሙት ጥናት ጀምሮ በሊቃውንት ሲጠና ቆይቷል። ለሕግ ቃላትም ተመሳሳይ ትጋት ያስፈልጋል። ሥራው መጀመር ያለበት ከአማርኛ ወደ አውኚ በመተርጐም ሳይሆን በእንጅባራና በዳንግላ ሽማግሌዎች ዘንድ የሚነገሩትን ቃላት በመሰብሰብ ነው። ሽማግሌው ሲያግባባ፣ ሲበይን፣ ሲያስታርቅ ለእያንዳንዱ ድርጊት የሚጠቀምበት ቃል ሊመዘገብና ከአማርኛው ጋር በትይዩ ሊቀመጥ ይገባል። ምናልባትም አማርኛ ያደባለቀውን አውኚ ለይቶት ይገኝ ይሆናል።

5. የቀረበ ሐሳብ

መዝገበ ቃላት ሕግ አውጪን አያርምም፤ የሚሠራበትን ይመዘግባል፣ የሚሻለውን ያመለክታል። ስለዚህ «ዕርቅ» በአዋጅ ቁጥር 1237 የያዘው የሙያ ፍች «በሕግ» በሚል ምልክት ሊመዘገብ ይገባዋል። ከዚህ ጋር የሚከተሉት አምስት ነጥቦች ለአዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ «ማስማማት» የሚለው ሦስተኛ ሰው ሳይፈርድ ተከራካሪዎችን ለሚያነጋግርበት ሂደት ሁሉ ይዋል፤ ባለሙያው «አስማሚ»፣ ውጤቱ «የስምምነት ሰነድ» ይባል።

ሁለተኛ፣ «ግልግል ዳኝነት» ሳይቆረጥ ይጻፍ፤ ባለሙያው «የግልግል ዳኛ»፣ ውጤቱ «የግልግል ዳኝነት ውሳኔ» ይባል።

ሦስተኛ፣ «ዕርቅ» ለተጠገነ ዝምድናና ለወረደ ሰላም ይጠበቅ፤ በ«ዕ» መጻፉም የግዕዝ ሥሩን ስለሚያሳይ ይጽና።

አራተኛ፣ «ሽምግልና» ለባህላዊው ተቋም ብቻ ይሰጥ፤ ወደ ባዕድ ቋንቋ ሲተረጐምም እንዳለ ተጽፎ በማብራሪያ ይገለጽ እንጂ በ«አርቢትሬሽን» ወይም በ«ሜዲዬሽን» አይተካ።

አምስተኛ፣ «ዘመድ ዳኛ» «የ1952 ሕግ ቃል» የሚል ምልክት ተሰጥቶት ይመዝገብ፤ የቆዩ ውሎችንና ፍርዶችን ለሚያነብ ሰው ያስፈልገዋልና።

ከእነዚህ ሐሳቦች አከራካሪ የሚሆነው አራተኛው እንደሆነ ይገመታል። ሽምግልናን ከሙያ ቃልነት ማግለል ባህሉን ማሳነስ መስሎ ሊታይ ይችላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎች ፈቃድ በባህላዊ ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል፤ የኦሮሚያ ክልልም በ2013 ዓ.ም. የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቁሟል። ባህላዊው ሥርዓት በሕግ ዕውቅና እያገኘ በሄደ መጠን በራሱ ስም መጠራቱ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1184 የኒው ዮርክን ስምምነት ከተቀበለች ወዲህ «ግልግል ዳኝነት» ከድንበር ውጭ ጭምር የሚፈጸም ውሳኔ ሊያስከትል የሚችል ቃል ሆኗል። ይህን ያህል ክብደት ያለው ቃል በዳንግላ ዛፍ ሥር ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች ሥራ ጋር ከተደባለቀ የሚጎዱት ሁለቱም ናቸው። ሽማግሌው ያልጠየቀው ሥልጣን ይጫንበታል፤ ገበሬውም ይፋረድበት የነበረ ደጅ ሳያውቀው ይዘጋበታል።